የያፌት ቃጭል

ራኬብ ላብ ቤቷን የከፈተችው በሐምሌ ነው። ደሴ ላይ በሐምሌ ሱቅ የሚከፍት ሰው ወይ ጃንጥላ ሻጭ ነው ወይ ሌላ መላ ያጣ፤ ራኬብ ጃንጥላ አልነበራትም። ክፍሏ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለች፣ ድሮ የልብስ ሰፊ ሱቅ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ዕቃውን ሁሉ በገዛ እጇ ሠራችው። ሲሚንቶ የተሞሉ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎችን በብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፍ አጣበቀች፤ ጀሪካኖች ውሃ ሞላች፤ ከረጢት ውስጥ አሸዋ ከትታ ሰፋች፤ ምስማር ላይ አንድ የመዝለያ ገመድ ሰቀለች። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ራኬብ ላብ ቤት» ብላ ጻፈች። ኋላ ቀይ ቀለም ሰው እንደሚያስደነግጥ ትዝ ሲላት በአረንጓዴ ደገመችበት።

መኪኖቹ በሩ አጠገብ ሲያዘግሙ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ይጠይቋት ነበር።

«ምን ይሸጣል?»

«ምንም። ገብታችሁ ትሠራላችሁ፣ ያልባችኋል፣ ትሄዳላችሁ።»

«በገዛ ላባችን?»

«በገዛ ላባችሁ።»

ይስቁና መስኮቱን ይዘጋሉ።

ራኬብ ከዚያ በፊት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበረች። ትምህርቱ የቀረበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ልጆቹን ቃጭሉ እየለካቸው ስለሆነ ሌላ የሚለካ ሰው አያስፈልግም ተባለ። ልጆቹ ያን ቀን ደስ አላቸው። ከክፍሉ ውስጥ በአንድ እግሩ መዝለል የሚችል ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም ነበር።

የቃጭሉ ይፋዊ ስም የጤና አምባር ነው። ሕዝቡ ግን፣ ከብት እንዳይጠፋ አንገቱ ላይ ከሚታሰረው ጋር አመሳስሎ፣ ቃጭል ይለዋል። ሕፃን ስም ሳይወጣለት ቃጭል ይታሰርለታል። የማንም ልብ ምቱ ሲዛነፍ ቃጭሉ ይጠራና የሐኪም ቤት መኪና ደርሶ ያነሳዋል፤ በዚህ የተረፈ ሰው ብዙ ስለሆነ ቃጭልን በጅምላ መርገም ግፍ ነው። አረንጓዴ የሚያበራ ሰው ሐኪም ቤት ቀድሞ ይገባል፣ ሥራው ላይም ይቆያል። ቢጫ የሚያበራ ሰው ደግሞ ወዳጆቹ አስተያየታቸውን ይቀይሩበታል። ሦስት ወቅት በተከታታይ ቀይ ያበራ አዛውንት ግን፣ መስከረም ሲጠባ አንድ ንጹሕ መኪና ከበሩ ላይ ቆሞ ወደ ማረፊያ መንደር ይወስደዋል። መንደሩ ታች ሜዳው ላይ ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ የሚሄደው ቀይ ያበራው ብቻ ነው። ሞት የለያቸው እንደሆነም ብቻውን የቀረው በቤቱ አይተውም፤ ቃጭሉ ምንም ቢያበራ እሱንም ይወስዱታል። ምግቡ ጥሩ ነው ይባላል። ተመልሶ የመጣ ስለሌለ እርግጡን የሚያውቅ የለም።

እንዲህ እየሆነም የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። መኪናው ከበር ያነሳል፣ በር ላይ ያወርዳል። ደሴን ሽቅብ የሚያወጡት የድንጋይ ደረጃዎች፣ ሰው ወድቆባቸው የሠፈሩን ቀለም እንዳያበላሽ ተብሎ፣ በሽቦ ታጥረዋል። ሁሉም የሚፈልገው ላቡን ሳይሆን ቀለሙን ነው። አንድ ሰሞን ቃጭሉን የሚነቀንቅ ወንበር ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ቃጭሉ ነቃበትና ቀረ። ቃጭሉ የሚፈልገው እውነተኛ ላብና እውነተኛ የልብ ምት ነው። የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ያፌት ናቸው። ከላብ ቤቱ ጥቂት በር አልፎ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ ሰው በገዛ እጁ መኪና በሚነዳበት ዘመን የሚኒባስ ሹፌር የነበሩ። ጊዜው ሽማግሌ ሁሉ ያፌትና ናሆም፣ አሮጊት ሁሉ ሶስናና ሜሮን የሚባልበት ነው፤ ስሞቹም ከሰዎቹ ጋር አብረው አርጅተዋል። ጋሽ ያፌት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በባለቤታቸው በእትዬ ሶስና ተደግፈው ገቡ። አንጓቸው ላይ ያለው ቃጭል ቀይ ያበራል።

«ልጄ» አሉ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው፣ «ሁለት ወቅት ቀይ ሆኛለሁ። ይሄ ክረምት ሦስተኛዬ ነው። ጳጉሜ ሳታልቅ አረንጓዴ ካልሆንኩ ከሶስና ሊለዩኝ ነው። ሞተሩ አርጅቷል፤ ጎማው ግን ደህና ነው። ታስነሺኛለሽ?»

«እሞክራለሁ ጋሼ።»

«መሞከርማ እኔም ሞክሬያለሁ።»

«አስነሳዎታለሁ» አለች ራኬብ። ይህን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

ጠዋት ጠዋት ይመጡ ጀመር። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አስጀመረቻቸው፤ ከዚያ ግድግዳ ይዞ መራመድ፣ ከዚያ ትንንሾቹን ቆርቆሮዎች ማንሳት። ሲደክማቸው «ወራጅ አለ!» ይላሉ፤ ድሮ ሚኒባስ ውስጥ መውረድ የፈለገ ተሳፋሪ ሹፌሩን የሚያስቆመው እንደዚያ ብሎ ነበር። ራኬብ ትስቅና ታሳርፋቸዋለች። እትዬ ሶስና ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ባላቸው ሲያነሱ አብረው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ለራኬብ ያ ሰዓት የቀኑ ደስታዋ ነበር። ሌላ ደንበኛ አልነበራትም።

ነሐሴ ሲጋመስ ጋሽ ያፌት ያለ ድጋፍ መሄድ ቻሉ። አንድ ቀን የታጠረውን ሽቦ ፈልቅቀው የጦሳን ደረጃ ትንሽ ወጥተው ተመለሱና «ከላይ ከተማው ይታያል እኮ!» ብለው እንደ ልጅ አወሩ። ቃጭላቸው ግን ከቀይ ንቅንቅ አላለም። የሚያውቀው የወጣት ልብ ነው፤ የሽማግሌ ልብ ቢበረታም እንደ ሽማግሌ ነው የሚበረታው።

ኢክራም የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የራኬብ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ገብታ ገመዱን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ቢጫ የሚያበራ ቃጭሏን ፈታ ዘረጋችላት።

«አንቺ መዝለልሽ ካልቀረ ይሄንንም ይዘሽልኝ ዝለይ።»

«አበድሽ እንዴ ኢክራም?»

«ምን ነውር አለው? ወላሂ፣ አቅም ላጣ ሰው ሐጅ እንኳ ይደረግለታል። እኔ አቅም አጣሁ። ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው።»

«ይሄ ሐጅ ነው?»

«ለኔ ልጆች ከሐጅ አያንስም። አብሽሪ፣ ማንም አያውቅም።»

ራኬብ ቃጭሉን ከራሷ ቃጭል በላይ አሰረችው። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ቃጭሉ በሚናገርበት የማር ድምፅም «ወይዘሮ ኢክራም፣ ልብዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አለ። ራኬብ አፈረች። ሰው ልታንቀሳቅስ የከፈተችው ቤት መጀመሪያ ያስገኘው ፍሬ ውሸት መሆኑ አሳፈራት። ኢክራም ግን ለባልደረቦቿ ነገረች፣ ባልደረቦቿ ለእህቶቻቸው ነገሩ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ላብ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሰዎቹ ወደ ውስጥ አይገቡም። ጠዋት በመስኮት ቃጭላቸውን ሰጥተው ከሰዓት በኋላ ይወስዳሉ። «ቃጭሌን ላስሮጥ» ማለት ሠፈሩ ውስጥ የተለመደ አነጋገር ሆነ። ራኬብ ከአንጓ እስከ ክንድ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት ቃጭል ደርድራ፣ በሩን ዘግታ ትዘላለች። እፍረቱም ከጊዜ ጋር ለቀቃት። ሰው የማይለምደው የለም።

ለጋሽ ያፌትም አንድ ጠዋት ነገሩን አነሳችላቸው።

«ጋሼ፣ የርስዎንም ልያዝልዎት? አሥር ቀን አይፈጅም።»

ቆርቆሮውን አስቀመጡና እጆቿ ላይ የተደረደሩትን መብራቶች አዩ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ልጄ። ደሞስ የታመመው ቃጭሌ ነው? እኔ ነኝ። እኔን ነው አስነሳሃለሁ ያልሽኝ።»

«ጳጉሜ እኮ ደረሰች።»

«ትድረሳ። ዳገት እየወጣሁ ነው፣ አታቋርጪኝ» ብለው ሳቁ፤ ቆርቆሮውንም መልሰው አነሱ። ራኬብ ደግማ አልጠየቀቻቸውም።

በማግስቱ እትዬ ሶስና ብቻቸውን መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ሲፈቱ የጋሽ ያፌት ቃጭል ነው።

«ለጥገና ሰጠሁት ብዬዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እትዬ፣ ጋሼ አልፈለጉም እኮ!»

«እሱ ምን ያውቃል! እሱ ልብ አለው፣ ልብ ያለው ሰው ደሞ አይጠነቀቅም። የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ስግደት ተካፍሎ ይሰግድለት የለም ወይ? አንቺም ተሸከሚለት። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

«ልባቸው ቢዛነፍስ? ቃጭል ከሌለ መኪናው አይመጣም።»

«ጳጉሜ እስክታልቅ ብቻ ነው። ዐይኔን ከሱ አልነቅልም።» ከዚያ እጇን ያዟት። «ራኬብዬ፣ በሞቴ። ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከተጋባን ጀምሮ ለብቻዬ ተኝቼ አላውቅም።»

ራኬብ ቃጭሉን ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ ከሱሪዋ ሥር አሰረችው። ጋሽ ያፌት ሲመጡ እንዳያዩት ነው። እሳቸውም ያለ ቃጭል መሄዱ ተስማማቸው፤ ለብዙ ዓመት ታስሮ የኖረ እጃቸውን እያወዛወዙ «ቀለለኝ» ይሉ ነበር። «ተጠግኖ ሲመጣ ገና በእኔ ይደነግጣል።» ራኬብ ፊታቸውን ማየት አቃታት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ጠዋት ዝናቡ ወረደ። ድሮ በዚያ ቀን ዝናብ ልጆች እርቃናቸውን እየሮጡ ይጠመቁበት ነበር፤ አሁን ብርድ ቀለም ያበላሻል ተብሎ ሁሉም በሩን ዘግቶ ያያል። ራኬብ በዝናቡ ድምፅ እየዘለለች ነበር። ድንገት ከእግሯ ሥር ያ የማር ድምፅ ተሰማ።

«አቶ ያፌት፣ ልብዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

ሱሪዋን ሰብስባ አየች። አረንጓዴ ነው። እልል ማለት ነበር የቀራት። ገመዱን ጥላ በዝናብ ወደ እነጋሽ ያፌት ቤት ሮጠች።

እትዬ ሶስና በር ላይ ቆመው ነበር፤ በባዶ እግራቸው።

«ሳልነቃ ወጣ» አሉ። «የሩፋኤልን ዝናብ ከላይ ልቀበል እያለ ነበር ማታ። ቀልድ መስሎኝ። ዱላውን ትቶታል።»

ራኬብ ሽቦውን አልፋ ደረጃውን ወጣች። ውሃው በደረጃው ላይ እንደ ወንዝ ይወርዳል። ጋሽ ያፌትን ያገኘቻቸው ሩቅ ነው፣ አንድ ጤነኛ ወጣት ሳያርፍ ከማይወጣው ቦታ በላይ። ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ወደ ከተማው ነው። እጃቸውን ያዘች፤ ቀዝቅዟል። አንጓቸው ላይ ቃጭሉ የነበረበት ቦታ ለዓመታት ፀሐይ ሳያየው ስለኖረ እንደ ሕፃን ገላ ነጭ ነበር። ከእግሯ ሥር የሳቸው ቃጭል በሷ ልብ ይመታል፣ በሩጫው ብዛት አረንጓዴው ደምቆ ያበራል።

ሰው ሲጠራው የሚመጣ መኪና ከቀረ ቆይቷል፤ መኪና የሚመጣው ቃጭል ሲጠራው ነው። ራኬብ ጎንበስ ብላ ቃጭሉን ከእግሯ መፍታት ጀመረች። ልትመልስላቸው ነው። ያኔ ልባቸው መቆሙ ይታወቃል፣ መኪናው ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል።

«ተይ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

እትዬ ሶስና ነበሩ። ስንት ዓመት ደረጃ ያልረገጡ ሴትዮ በእጃቸውም በጉልበታቸውም ወጥተው ደርሰዋል። ባላቸውን ትኩር ብለው አዩ። አልጮኹም። ጎናቸው ተቀመጡና የረጠበ ፀጉራቸውን በነጠላቸው ጠረጉላቸው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እኔን ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ልመልስላቸው። ይምጡና ይውሰዷቸው። ይለቀስላቸው።»

«ከመለስሽለት ነገ እኔን ይወስዱኛል። ብቻዬን ቀረሁ አይደል? ከቤቱ አውጥተው ያንን ሜዳ ይጥሉኛል። ትራሱ ላይ ገና የራሱ ጠረን አለ፣ ራኬብ። ጫማው አልጋው ሥር ነው። ያን ትቼ የት ልሂድ?»

ዝናቡ ይወርዳል።

«እሰሪው» አሉ እትዬ ሶስና።

መልሳ አሰረችው።

አመሻሹ ላይ ኢክራም፣ ራኬብ ልካባት፣ ሁለት ወንድሞቿን ይዛ መጣች። ካየችው በኋላ ብዙ አልተናገረችም፤ «ወንጀሉ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስጀመርኩሽ» ብቻ አለች። የወንድሞቿን ቃጭሎች ራኬብ ወሰደች፤ ከባድ ሥራ በእንዲህ ያለ ሰዓት ጥያቄ ያስነሳል። ከደረጃው አለፍ ብሎ፣ ጽድ ሥር ቆፈሩ። ቄስ መጥራት አልተቻለም፤ የሟች ስም ቃጭሎቹን ከሚከታተለው ማዕከል ዝርዝር ሳይወርድ ፍትሐት አይደረግም፣ ጋሽ ያፌት ደግሞ በማዕከሉ ዘንድ ከሠፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ጤነኛው ናቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው አወረዷቸው። ኢክራም ፊቷን አዙራ በከንፈሯ ዱዓ አደረገች። እትዬ ሶስና አቡነ ዘበሰማያት ጀምረው ከመካከል ጠፋባቸው።

የመጀመሪያው አፈር ሲወድቅ የእትዬ ሶስና ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጠላቸውን ነከሱ። የታፈነ ለቅሶ ልብን ያዛንፋል፤ ቃጭላቸው ቢጠራ መኪናው ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ይመጣል። ራኬብ ጠጋ ብላ ቃጭላቸውን ከእጃቸው ፈታች፣ የራሷ ክንድ ላይም አሰረችው።

«አሁን ያልቅሱ እትዬ።»

እትዬ ሶስና ጮኹ። ተራራው እስኪመልሰው ጮኹ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ መሬት ላይ ወደቁ። «ያፌቴ፣ እኔ ነኝ የፈታሁህ! በገዛ እጄ!» እያሉ አፈሩን በእጃቸው ቧጠጡ። ኢክራምም አለቀሰች፣ ወንድሞቿም አለቀሱ።

ራኬብ አላለቀሰችም። አትችልም ነበር። የዚያ ቀን ቃጭላቸውን ያልወሰዱ ሰዎች አሉ፣ የነኢክራም አለ፣ የእትዬ ሶስና አለ፣ የሟቹ አለ፤ ሁሉም እሷ ልብ ላይ ናቸው። እሷ ብትሰበር ከተማው በመኪና ይሞላል። ስለዚህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ ተማሪዎቿን ታስተምር እንደነበረው፣ በአፍንጫዋ እያስገባች በአፏ አስወጣች። የምትወደው ሰው ላይ አፈር ሲከመር ልቧን አስተካክላ ያዘች። ሐዘኑ ግን የትም አልሄደም፤ ደረቷ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

መስከረም ጠባ። ንጹሑ መኪና መጣና በእነጋሽ ያፌት በር አልፎ፣ ሌላ በር ላይ ቆመ። ጎረቤት በመስኮት «ጋሽ ያፌት እንዴት ናቸው?» ሲል እትዬ ሶስና «ደህና ነው፣ አረንጓዴ ሆኗል» ይላሉ። ጎረቤቱ በማዕከሉ ዝርዝር ላይ ያያል፤ እውነትም አረንጓዴ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ላያቸው የሚመጣ የለም፤ የሰው ደህንነት ከቃጭሉ ነው የሚታወቀው፣ ቃጭሉም ደህና ነው ብሏል።

ላብ ቤቱ በሠፈሩ ስም አተረፈ። ራኬብ አሁን የምታሠለጥነው ሰው የለም፤ ትንንሾቹ ቆርቆሮዎች ጥግ ላይ ዝገት ይዟቸዋል። በበዓልም በሰንበትም ትዘላለች፣ ምክንያቱም የሞተ ሰው ዕረፍት አያውቅም። ሰሞኑን ጉልበቷ ይከዳታል። ወደ ከሰዓት ሲሆን ቃጭሎቹ ሁሉ አንድ ላይ ቢጫ ለማለት ይዳዳቸዋል፤ በአንድ ልብ የሚኖሩ ናቸውና ሲደክማትም ለሁሉም ነው። የራሷ የትኛው እንደሆነ ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ ይወስድባታል።

እትዬ ሶስና በየጠዋቱ ይመጣሉ። እዚያው ጀሪካን ላይ ይቀመጡና ራኬብ ሳትጀምር ጎንበስ ብለው የቁርጭምጭሚቷን ቃጭል በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። «እንዴት አደርክ» ይሉታል። ምቱን ያዳምጣሉ። አንዳንድ ቀን የቤቱን ነገር ያወሩለታል፤ ጣራው ማፍሰሱን፣ ጫማውን ማስወልወላቸውን። ራኬብ ቆማ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ላይ ትፈራ ነበር፤ አሁን መዳፋቸው ሲነሳ ነው የሚከፋት።

አንድ ቀን ጠዋት ውርጭ ነበር። ራኬብ ሌሊቱን ሲያማት አድራለች፤ ገመዱን ይዛ ቆመች እንጂ እጇ አልነሳ አለ። «ወራጅ አለ» ማለት አማራት፤ የሚያቆም ሹፌር ግን የለም። እትዬ ሶስና ቃጭሉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ብቻ ነበር።

«ሮጥ በይ እንጂ ልጄ» አሉ። «ያፌትን በረደው።»

ራኬብ ገመዱን አነሳች።